ከጉባኤ ቤት ስንወጣ ምን ይዘን እንውጣ?

ይህን የምጽፈው በጎጃም ጉባኤ ቤቶች (የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች) አድገው ኋላ ያንን ሕይወት ለተዉ ሰዎች ነው። ከዲማ ይሁን ከዋሸራ፣ ከደብረ ኤልያስ ይሁን ከአንዲት የገጠር ደብር ጥግ፣ ደበሎ ለብሳችሁ፣ አኩፋዳ አንግታችሁ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያላችሁ እየለመናችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እምነታችሁን እንደያዛችሁ ሥርዐቱ ከብዷችሁ ወጥታችኋል። አንዳንዶቻችሁ እምነቱንም ትታችሁታል። እኔም ከዚያው ቤት የወጣሁ ነኝ። የራሴን ታሪክ ግን እዚህ አልተርክም፤ የወጣ ሰው የት የት ላይ እንደሚሰናከልና በምን እንደሚቃና ብነግራችሁ ይሻላል።

አንድ ነገር ገና ከመነሻው ይያዝልኝ። እምነት የልብ ጉዳይ ነው፤ ሊጸናም ሊላላም ይችላል። በሌሊት ብርድ እየተንዘፈዘፍን ያጠናነው ቃል፣ የቆጠርነው ቅኔ፣ የፈታነው የግእዝ ግስ፣ የለመድነው ትዕግሥት ግን በገዛ ጉልበታችን ያፈራነው ሀብት ነው። አንዱን ስለተውን ሌላውን እንድንመልስ የሚጠይቀን የለም።

በወጡ ሰሞን የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሰው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ከተማ ይወርዳል፤ ፀጉሩን ያሳድጋል፤ ድጓውን (የዜማ መጽሐፉን) ይሸጣል ወይም ለማያውቀው ሰው ይሰጣል። ቅጽ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚል ሲመጣ «አልተማርኩም» ብሎ ይሞላል። አሥር ዓመት ሙሉ ከማለዳ እስከ ውድቅት የተማረ ሰው አልተማርኩም ሲል ያሳዝነኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በወጣችሁበት ዓመት ምንም ዓይነት መጽሐፍ እንዳትሸጡ፣ እንዳታቃጥሉ፣ እንዳትሰጡ ነው። በእጃችሁ የጻፋችሁት ደብተር፣ የግስ መድብል፣ የተቆራረጠ ዳዊት ቢሆንም በካርቶን አድርጋችሁ አይጥና እርጥበት ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ማየት ካስከፋችሁ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ቁጣ ሲበርድ መልሰው የሚፈልጉት ነገር አለ፤ በእጅ የተጻፈ ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም።

በዚያው ሰሞን ፍርሃት ይመጣል። ረቡዕ ቀን ሥጋ የበላ ሰው ጉሮሮው ይዘጋል፤ ሌሊት ግዝት እየመሰለው ይባንናል፤ ልጁ ቢታመም «በእኔ ነው» ይላል። ይህን ፍርሃት በክርክር ለማሸነፍ መሞከር ሲያደክም ኖሯል። የሚሻለው እንቅልፍን ማስተካከል፣ በሰዓቱ መብላት፣ ተመሳሳይ መንገድ ካለፈ ከአንድ ታማኝ ሰው ጋር መነጋገር ነው። ሥርዐቱ ራሱ ለታመመ፣ ለእርጉዝ፣ ለሕፃን እንደሚራራ የተማርን ሰዎች እናውቃለን፤ ያስፈራራን ከመጽሐፉ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነበር። የልብ ምት መፍጠንና የእንቅልፍ ማጣት ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ ግን ሐኪም ቤት ሂዱ። የጭንቀት ሕመም ሕክምና አለው፤ ጠበልም የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ስሕተት ከሁሉም አብልጬ እፈራዋለሁ። ጊዜ አልፎ ሰውየው ሲደላደል ያለፈውን በሙሉ ያሳምረዋል። «ሰው ያደረገኝ ዱላው ነው» ይላል። ከዚያም በልጁ ላይ ይደግመዋል። በአንዳንድ ጉባኤ ቤት የጠፋ ልጅ ሲያዝ በእግር ብረት ይታሰር ነበር፤ በረሃብ፣ በእከክ፣ በውሻ ንክሻ የተጎዳ ብዙ ነው። ይህ ክፉ ነው፤ ክፉ ተብሎ ይጠራ። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህን ችሎታ ያለ ዱላ ላገኘው እችል ነበር ወይ?» ቃል የምናጠናው የኔታ ስለመቱን አልነበረም። በድግግሞሹ፣ ከታላቁ ተማሪ ጋር በመቀጸላችን (ቃሉን ተቀብለን በመድገማችን)፣ በሌሊቱ ጸጥታ ነበር። ያለ ምት የተማሩ ልጆችም ዳዊት ደግመዋል። ስለዚህ ምስጋናው ለዘዴው ይሁን፤ ዱላው ምንም የሚገባው ነገር የለም። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ሁሉን ይጥላል፣ ወይ ሁሉን ተሸክሞ ለልጁ ያወርሳል።

አሁን ወደ ዘዴው ልግባ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

የቃል ትምህርት እንዴት እንደነበር አስታውሱ። ቀን ብርሃን ሳለ ንባብ፤ ሲመሽ፣ እሳትም መጽሐፍም በሌለበት፣ ውዳሴ ማርያሙ፣ መልክኡ፣ በቃል። ታላቁ ተማሪ ጥቂት ቃል ይሰጣል፤ ታናሹ ይቀበላል። የተሰጠው ሳይጸና ሌላ አይጨመርም። ዶሮ ሲጮህ ያው ቃል እንደገና ይባላል፤ ከዚያ ለየኔታ ወይም ለአስቀጻዩ (ለሚያስጠናው ተማሪ) ይሰማል። ሲሰናከል ከመጀመሪያው ይጀምራል። ይህ ዘዴ የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጽሐፉ የለም፤ ስለዚህ አእምሮ ራሱ ፈልጎ ማውጣት አለበት። በመሐል እንቅልፍ አለ። ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለሚባል የጠፋው ቃል ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ ኮሌጅ ገብቶ የሚጨነቅ የቀድሞ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ትቶ የከተማውን ልማድ ስለያዘ ነው፦ የተሰጠውን ወረቀት ቀለም እያሰመረ፣ በዝምታ፣ በፈተናው ዋዜማ ደጋግሞ ያነባል። ያነበበው የገባው ይመስለዋል፤ ወረቀቱ ሲነሣ ግን የለም።

እንዲህ አድርጉ። የነርስነት፣ የሕግ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ትምህርቱን ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ቁራጭ ክፈሉት። አንዴ በድምፅ አንብቡ። ወረቀቱን ገልብጡና ያስታወሳችሁትን በራሳችሁ አነጋገር ተናገሩ። የጠፋውን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። መብራት አጥፍታችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ጧት ከመነሣታችሁ አንድ ጊዜ በሉት። ጧት ላይ ያልመጣ ቃል ካለ አዲስ አትጨምሩ። ለክለሳው ደግሞ የዳዊትን አከፋፈል ውሰዱ። 150ው መዝሙር በ10 በ10 ተከፍሎ 15 ንጉሥ (ክፍል) ነው፤ ለሳምንቱ ቀናት ሲደለደል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል፤ እሁድ ጸሎተ ነቢያቱና መኃልዩ ነው። የኮርሳችሁን ምዕራፎች እንዲሁ ለሳምንቱ ቀናት ደልድሏቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተነካ ምዕራፍ አይኑር። በመጨረሻ ለታናሽ አስተምሩ። በጉባኤ ቤት ከታች ያለውን ያላስቀጸለ ወደ ላይ የማያልፈው በከንቱ አልነበረም።

ይህ ዘዴ አንድ ጉድለት አለው፤ እሱንም ልንገራችሁ። በንባብ ቤት ግእዙን ትርጉሙን ሳናውቅ አነበነብነው፤ መልእክተ ዮሐንስን ጨርሰን ምን እንደሚል ያልገባን ብዙ ነን። ትርጉሙ የመጣው ቅኔ ቤት ስንገባ ነው። ስለዚህ ፊዚክስና ሒሳብ ላይ የቃል ጥናት ብቻውን ያጠፋል። እዚያ የሚያስፈልገው የመጻሕፍት ቤት (የትርጓሜ ትምህርት) ልማድ ነው፦ ንባቡን አስቀምጦ «አንድም» እያሉ መፍታት። አንድን ሕግ ቢያንስ በሁለት መንገድ፣ አንዱን በቃል፣ አንዱን በምሳሌ ማስረዳት ካልቻላችሁ አልገባችሁም ማለት ነው።

ከሒሳብ የሚሸሹ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ባሕረ ሐሳብን (በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ስሌት) ረስተውታል። ጳጉሜን አልፎ በመስከረም የኔታ ጣታቸውን እየቆጠሩ በዓላቱን ሲያወጡ የተቀመጠ ሰው ሒሳብ አልችልም ሊል አይገባውም። የ2018ን ዓመት እንሥራው፤ ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ የምንላቸው በስሌቱ መሐል የሚወጡ ቁጥሮች ናቸው። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብለን 1 ስንቀንስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 በ30 ሲገደፍ (30ው እየተቀነሰ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ከላይ ስሕተት አለ።

ቀጥሎ ዕለቱ ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምረው 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ እያለ ስለሚሄድ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። መጥቅዑ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ነው፤ ዕለቱ እሁድ። የእሁድ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው (ቅዳሜ 8፣ እሁድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2)። 18 እና 7፣ 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ገባ። 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፤ 69 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

የሚሳሳቱበት ቦታ ይታወቃል። መጥቅዑ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ ወደ ጥቅምት፣ ነነዌም ወደ የካቲት ይሄዳል፤ 14 ራሱ አይመጣም። በመስከረም የዋለው መጥቅዕና ተውሳኩ ተደምረው ከ30 ካለፉ 30ው ተገድፎ ቀሪው የካቲት ላይ ይውላል፤ በ2017 መጥቅዑ 29፣ ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ 33 ሆኖ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። ለ19 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ቀሪው 19 ተቆጥሮ ወንበሩ 18 ይሆናል። ወንበሩ ዜሮ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል።

ይህን በኮምፒውተር ላይ ሥሩት። ኤክሴል ቀሪ የሚያወጣ ሞድ የሚባል ቀመር አለው፤ «ገድፍ» የምንለው ማለት ነው። በአንዱ ዓምድ ዓመቱን፣ በቀጣዩ ዓመተ ዓለሙን፣ ከዚያ ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን እያደረጋችሁ የ19 ዓመት በዓላትን አውጡና ከግድግዳው ካላንደር ጋር አመሳክሩ። ቀመሩ የሚበላሸው ከላይ ባልኳቸው ሁለት ዜሮዎች ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ዜሮ ሲል እናንተ 19ና 30 እንደምትሉ አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህን የሠራ ሰው የፕሮግራም ትምህርት በር ላይ ቆሟል። እንግሊዝኛው ይከብደዋል እንጂ ሐሳቡ አይከብደውም።

ቅኔ ላይ ስደርስ ልቤ ይሞቃል፤ ታገሡኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ሲባል ዘፈን እንዳይመስላችሁ። ቀን ጫካ ገብቶ ብቻውን የሚቆጥር፣ ማታ ለአስነጋሪው የሚያቀርብ፣ «ይህ ቤት አልመታም፣ ይህ አገባብ አልገጠመም» ሲባል አፍርሶ የሚሠራ ልጅ በየዕለቱ ጽሑፉ ይታረምለት ነበር ማለት ነው። ከቅኔ ዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና በ2 ቤት (ስንኝ)፣ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ በ3፣ ሥላሴ በ6፣ መወድስ በ8 እያለ ይወጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ይህን ያለፈ ሰው ደብዳቤ መጻፍ፣ ንግግር ማዘጋጀት፣ ዜና መሥራት፣ አቤቱታ መቅረጽ ይቀለዋል። ከደብረ ኤልያስ የተነሡት ዮፍታሔ ንጉሤ ወደ ቴአትር፣ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ያሳደጓቸው ሀዲስ ዓለማየሁ ወደ ዲፕሎማሲና ወደ ድርሰት፣ አቤ ጉበኛ ወደ ጋዜጠኝነትና ወደ ልብ ወለድ ይዘውት የሄዱት ይህንኑ ነው።

ግን ቅኔ ለከተማ ሥራ ሲውል አንድ ነገር መገልበጥ አለበት። ቅኔ ወርቁን ይሰውራል፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ወርቁን ከላይ ያወጣል። የቀድሞ ቅኔ ተማሪ የሚጽፈው ማመልከቻ ሦስት መስመር ሰላምታ፣ አራት መስመር ምሳሌ፣ ጥያቄው ደግሞ መጨረሻው ላይ ተሸፍኖ ነው፤ አንባቢው ሳይደርስበት ይጥለዋል። የምትፈልጉትን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ፤ ምክንያቱን ቀጥሉ፤ ምሳሌ ካለ አንድ ብቻ። ሰሙና ወርቁን ለሽምግልና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ቤት አስቀሩት፤ እዚያ ማንም አይተካችሁም። የተጣሉ ጎረቤቶችን ለማስታረቅ ሁለቱም ሳያፍሩ የሚሰሙትን ቃል መምረጥ የቅኔ ቤት ልጅ ሥራ ነው።

ግሱም ዋጋ አለው። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ ብሎ ስምንቱን የግስ አርእስት የለየ ሰው ትግርኛ ወይም ዐረብኛ ሲጀምር ሥሩን ፈልጎ ያገኛል። ግእዝ የሚያነብ ሰው ደግሞ ይፈለጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊሎሎጂ ትምህርት ክፍል አለ፤ በ1860 ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ ብዙ የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ የሚያነብባቸውና ዝርዝራቸውን የሚያወጣላቸው ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ፣ ቁም ጽሕፈት የምታውቁ ከሆነ ሙያችሁን «የቄስ ትምህርት» ብላችሁ አትሸፍኑት። የሥራ ማመልከቻ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «ግእዝ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፤ የእጅ ጽሑፍ እገለብጣለሁ፤ ታናናሽ ተማሪዎችን አስተምሬአለሁ።» ስንት ተማሪ፣ ስንት ዓመት፣ ምን ምን መጽሐፍ፣ በቁጥር ይጻፍ። አሠሪ «አቋቋም» ሲባል ላይገባው ይችላል፤ «በጉባኤ ፊት ያለ ወረቀት ለሰዓታት አቀርባለሁ» ሲባል ይገባዋል። መደበኛ ትምህርት ለመግባት የምታስቡ ደግሞ ጉድለቱ የት እንደሆነ እወቁ፦ እንግሊዝኛ፣ የሳይንስ ትምህርቶች፣ በጽሑፍ የሚሠራ ሒሳብ። የማታ ትምህርት ስትጀምሩ ከልጆች ጋር መቀመጥ ያሳፍራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጉልበታችሁን በሙሉ እንግሊዝኛው ላይ ጣሉ፤ ሌላው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ይከተላል።

ዜማውን የምትወዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ባትሄዱም ጆሮአችሁ ሦስቱን የዜማ ስልት፣ ግእዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ይለያል። ልጆቻችሁ ፊት ብታንጎራጉሩት ማንንም አትበድሉም።

ስለ ጾም የሚነሣው ክርክር ረጅም ነው፤ እኔ የማነሣው የወጥ ቤቱን በኩል ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የኖረ ሰው ከወጣ በኋላ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያገኘዋል። አንዱ በየቀኑ ክትፎና ጥብስ ነው፤ ኪሱም ጤናውም አይችለውም። ሁለተኛው ጾሙን ትቶ ረሃቡን መያዝ ነው፦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ልማድ ሆኖ ይቀርና ጨጓራ ያቃጥላል። የሚጠቅመውን አውጥታችሁ ያዙ። ረቡዕና ዓርብን የአትክልትና የጥራጥሬ ቀን አድርጋችሁ አስቀሩ፤ ቁርስ ግን ብሉ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ስልጆው፣ ተልባው፣ የሽምብራ አሳው በእጃችን ያለ ሙያ ነው። ሱፍ ፍትፍት እንኳ ዘዴ አለው፦ ሱፉ ተለቅሞ በስሱ ይታመሳል፤ ተፈጭቶ በለብታ ውሃ ይበጠበጣል፣ ለ1 ብርጭቆ ሱፍ 3 ብርጭቆ ያህል ውሃ፤ በነጠላ ይጠለላል፤ ጨው፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ ገብቶበት እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሱፉ ሲታመስ ከቀላ ይመርራል፤ ነጭነቱ እንዳለ ከእሳት ይውረድ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ 12 ያጥረዋል፤ ለሐኪም ይንገር። ምስር ከበሉ ወዲያ ቡና ወይም ሻይ መከተልም ደም የሚሆነውን ብረት ያስቀራል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ፤ ሎሚ ቢጨመርበት ይረዳል።

የቀረው ሰው ነው፤ ከባዱም እሱ ነው።

እናታችሁ ልጄ ካህን ይሆንልኛል ብላ ከቤቷ አውጥታ የሰጠችው ልጅ ነበራችሁ። ስትመለሱ የእምነት ክርክር አትክፈቱባት። የሚጠቅመው ቃል አጭር ነው፦ «እማ፣ ያስተማርሽኝ አልጠፋም፤ በሌላ መንገድ እኖርበታለሁ።» በጾም ቀን ቤቷ ከሄዳችሁ የቀረበውን ብሉ፤ የራሳችሁን ምግብ ይዛችሁ አትሂዱ። «ንስሐ አባትህን አይተሃል ወይ?» ስትል አትዋሹ፤ «አላየሁም፤ ሰላም በይልኝ» በቂ ነው። በጥያቄ ስታፋጥጣችሁ መልሱን ደጋግሞ በተመሳሳይ ቃል መስጠት ከአዲስ ማብራሪያ ይሻላል። አዲስ ማብራሪያ አዲስ ክርክር ይወልዳል።

ከእድር አትውጡ። ብዙ ሰው ማኅበሩን ሲተው እድሩንም አብሮ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ነው ብቻውን የሚቀረው። በጽዋ ማኅበር መቀጠል ካልፈለጋችሁ ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) ቀድማችሁ ንገሩ፤ ተራችሁ ሲደርስ ከመጥፋት ይህ ይሻላል። ለቅሶ፣ ቀብር፣ ተዝካር ላይ ተገኙ፤ ውሃ ቅዱ፣ ድንኳን ትከሉ፣ አስከሬን ተሸከሙ። ሰው በዚያ ቀን የሚያየው ማን እንደመጣ ነው።

ወደ የኔታም ሂዱ፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ። የመታችሁን ወይም ያሰራችሁን ሰው ግን ለመጠየቅ ግዴታ የለባችሁም፤ ይህን ማንም አያስገድዳችሁ። በፍቅር ያስተማሯችሁ ከነበሩ ግን አትቅሩ። ባዶ እጅ አትሂዱ፦ ቡናና ስኳር፣ ሳሙና፣ ከቻላችሁ ጋቢ፤ ለተማሪዎቹ ደግሞ ጫማና የቁስል መድኃኒት። ገብታችሁ ጉልበት ስማችሁ «የኔታ፣ እንደምን ከረሙ» በሉ። ለምን እንደተዋችሁት ካልጠየቁ አታንሡት። ከጠየቁ እውነቱን በአጭሩ ተናገሩና ጸጥ በሉ፤ የተቀየሙ እንደሆነም ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ያለባችሁን ጠይቁ፦ ከማን ተማሩ፣ እሳቸውስ ከማን፣ በየትኛው የቅኔ ቤት ስልት፣ የዋሸራ ነው የጎንጅ፣ መቼ ተመረቁ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ዜማቸውን በስልክ ቅዱ፤ ስልኩ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ነፋስ ከሌለበት፣ ተማሪዎቹ ቀለም ከማይጮሁበት ሰዓት ይሁን። እያንዳንዱን ቅጂ ከመዝሙሩ ስምና ከቀኑ ጋር ሰይሙት፤ ስም የሌለው ቅጂ በኋላ አይታወቅም። ወደ ቤት እንደገባችሁ በሁለተኛ ቦታ ገልብጡት፤ አንዱን ደግሞ ለጉባኤ ቤቱ ላኩ።